ያገለገለ ላፕቶፕ ከሩቅ ስትገዙ፦ ዐሥራ አምስቱ ቀን ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?

ፈረስ ገበያ የወጣ የአዊ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ኮቴውን ያነሣል፣ ጀርባውን በእጁ ይዳብሳል፣ ጥቂት ጋልቦ አተነፋፈሱን ያዳምጣል። ገንዘብ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥር 23 ቀን በፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ተሸልመው የምናያቸው ፈረሶች በዚህ ዐይን የተመረጡ ናቸው። ያው ሰው ወይም ልጁ ላፕቶፕ ሲገዛ ግን ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ፎቶ አይቶ፣ ከሻጩ ጋር ሁለት ጊዜ በስልክ ተነጋግሮ፣ የወራት ቁጠባውን በቴሌብር ወይም በባንክ ያስተላልፋል። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ዳንግላ መናኸሪያ ሲደርስ ጥርሱን የሚያየው ያኔ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማነጋግራችሁ በላፕቶፕ እንጀራ የምትበሉትን ነው፤ የተማሪ ውጤት የምትሞሉ መምህራንን፣ የማኅበር ሒሳብ የምትይዙትን፣ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የከፈታችሁትን፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የምታዘጋጁትን። አዲስ ላፕቶፕ ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ሆኗል። ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ ብልህነትም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሻጩ አዲስ አበባ፣ ገዢው እንጅባራ ሲሆን ነው። በመካከላቸው 450 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ገዢው በሕግ የተሰጠውን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላበትም ይኸው መንገድ ነው።

መብቱን ከምንጩ እንየው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም መልሶ ገንዘቡን እንዲቀበል ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ብዙ ሰው ይህን መብት ጨርሶ አያውቀውም። የሚያውቀውም ቢሆን አንድ ነገር ይስታል፤ 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነው። ሰኞ ከፈላችሁ እንበል። ሻጩ ረቡዕ አሽጎ ዓርብ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠው። መንገድ ተዘግቶ ሦስት ቀን ቆየ። እናንተም ሥራ በዝቶባችሁ ሳጥኑን ሳትከፍቱ እሑድን ጠበቃችሁ። ላፕቶፑን ገና ሳታበሩት አብዛኛው ቀን አልቋል። «የደረሰኝ እኮ ትናንት ነው» የሚል ክርክር ይዛችሁ እንዳትቀሩ፣ ብር ያስተላለፋችሁበትን ቀን አንደኛው ቀን አድርጋችሁ ቁጠሩ። ከዚያ የተሻለ ስምምነት ከሻጩ ጋር ካላችሁ እሰየው፤ አዋጁ ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትናን አይከለክልም።

እዚህ ላይ የሱቅ ግድግዳና ደረሰኝ ላይ የምናነበው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ይነሣል። ሰው ይህን ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። ቀለሙን ስላልወደዳችሁት ወይም ሐሳባችሁን ስለቀየራችሁ መልሱልን ብትሉ ሻጩ ማስታወቂያውን ሊያሳያችሁ ይችላል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሸጦ ግን በአንድ መስመር ጽሕፈት ከሕግ ማምለጥ አይቻልም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ «ኃላፊነት አልወስድም» ብሎ ያስገባው ቃል አያድነውም።

«ያገለገለ ነው ብዬ ነግሬሃለሁ፤ ያገለገለ ዕቃ ምን ጉድለት አለው ይባላል?» የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ክዳኑ ቢጫር፣ የኪቦርዱ ፊደል ቢደበዝዝ፣ ባትሪው እንደ አዲስ ባይቆይ፣ ይህ የአገልግሎት ምልክት ነው፤ ዋጋውም የቀነሰው ለዚህ ነው። 8 ጊጋ ራም ተብሎ 4 ከሆነ፣ «ባትሪው ሦስት ሰዓት ይሠራል» ተብሎ ቻርጀሩ እንደተነቀለ ከጠፋ፣ ተጠግኖ ሳለ «ምንም አልተነካም» ከተባለ ግን ይህ እርጅና አይደለም፤ ከተነገራችሁ የተለየ ዕቃ ነው። አዋጁም ነጋዴ ስለ ዕቃው አዲስነት፣ ሞዴል፣ የአገልግሎት መቀነስ፣ መለወጥ፣ እንደገና መሠራት ወይም ያገለገለ መሆን በትክክል አለመግለጽን ከተከለከሉ ድርጊቶች መካከል ቆጥሮታል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው «ምን ተብሎ ነው የተሸጠው?» በሚለው ላይ ነው። መልሱ በጽሑፍ እጃችሁ ላይ ካለ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ሁለት ነገር ሳልለይ ባልፍ አሳስታችኋለሁ። አዋጅ 813 የሚገዛው ነጋዴን ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ግን ከሚሸጠው ሰው ብዙው የራሱን አሮጌ ላፕቶፕ የሚሸጥ ግለሰብ ነው፤ ወይም ግለሰብ መስሎ የሚነግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ነው። ከግለሰብ ስትገዙ የምትደገፉት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። እርሱም ገዢ ዕቃውን በተረከበ ጊዜ ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ወዲያው ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ካስታወቀ በኋላ መብቱን ለመጠየቅ አንድ ዓመት አለው። ያላስታወቀ ግን ዋስትናውን ያጣል። ሁለተኛው፣ በአዋጁ ትርጉም ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ነው። ለኮፒ ቤታችሁ መሥሪያ የገዛችሁት ላፕቶፕ «ይህ ለንግድ ነው» የሚል ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። መብት የላችሁም ማለት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለእናንተም ይሠራል። ብቻ አቤቱታችሁን በአዋጁ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት፤ ሁለቱንም ጥቀሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትጽፉት አንድ መልእክት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል ብል አላጋነንሁም። ድምፅ መልእክት ሳይሆን ጽሑፍ ይሁን። እኔ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ እመርጣለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፑን በብር … ለመግዛት ወስኛለሁ። በነገሩኝ መሠረት ዕቃው ያገለገለ፣ ሞዴሉ …፣ ፕሮሰሰሩ …፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲው 256 ጊጋ፣ ባትሪው ቢያንስ 2 ሰዓት የሚሠራ፣ ተከፍቶ ያልተጠገነ፣ የይለፍ ቃል ያልተቆለፈበት ነው። የምረከበው ዳንግላ ላይ ነው። በእጄ ከገባ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ ሞክሬ ከዚህ የተለየ ሆኖ ካገኘሁት እመልሳለሁ፤ ገንዘቤም ይመለስልኛል፤ የመመለሻ ማጓጓዣውን እርስዎ ይከፍላሉ። ከተስማሙ ‹ተስማምቻለሁ› ብለው ይጻፉልኝ።»

እውነተኛ ሻጭ ይህን አይቶ አይሸሽም። ምናልባት «ሁለት ቀን ይሁን» ወይም «ማጓጓዣውን እኩል እንካፈል» ይላችኋል፤ ተደራደሩ። ጭራሽ መልስ የማይሰጥ፣ ወይም «ካላመንከኝ ተወው፤ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» እያለ የሚያጣድፍ ሰው ግን ነገ ጉድለት ስታገኙ እንዴት እንደሚሆን ዛሬ አሳይቷችኋል። ተዉት።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንደማያጣ ደንግጓል። ለሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ ደግሞ ሕጉ የተለየ የውል ፎርም አይጠይቅም። ስለዚህ «ወረቀት አልፈረምንም» ብላችሁ አትፍሩ፤ የስልክ መልእክታችሁ ማስረጃ ነው፤ ከጠፋ ግን የለም። ቴሌግራም ላይ ሻጩ የጻፈውን መልእክት ከራሱ ስልክ ብቻ ሳይሆን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ንግግሩን በሙሉ ማጥፋትም ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት ንግግሩን ስክሪንሾት አንሡት፤ ለታመነ ሰውም ላኩት። የለጠፈውን ማስታወቂያ ከነፎቶው ከነዋጋው አስቀሩት። የቻናሉን ስም ብቻ ሳይሆን የሻጩን ስልክ ቁጥርም ያዙ፤ ስም ይለወጣል።

ስለ አከፋፈል ብዙ አልልም። የምታስተላልፉበት የባንክ ሒሳብ ስም ሻጩ ከነገራችሁ ስም ጋር ካልገጠመ ቆም በሉ። የተላለፈበትን ማረጋገጫ ከነግብይት ቁጥሩ አታጥፉት፤ ነገር ሲመጣ ሻጩ ማን እንደሆነ የሚያሳየው ጠንካራው ማስረጃ የሒሳቡ ስም ነው። ሱቅ ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ንግድ ፈቃዱ የጸና መሆኑን በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን አገልግሎት ላይ ማየት ይቻላል። «ደረሰኝ ከፈለግህ 15 ከመቶ ጨምር» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው እንጂ ለገዢው የሚሸጥ ተጨማሪ ዕቃ አይደለም። ደረሰኙ ላይም «ላፕቶፕ 1» ተብሎ እንዳይቀር፤ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። ነገ ፖሊስ «ይህ ዕቃ የተሰረቀ ነው» ብሎ ቢጠይቃችሁ የምታሳዩት እርሱን ነው።

አሁን ዕቃው ደርሷል እንበል። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ዕቃው ከደረሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ቀናት ነው። ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ፤ እሽጉ፣ ቴፑ፣ ከዚያ አከፋፈቱ፣ ከዚያ ከታች የተለጠፈው መለያ ቁጥር ይታይ። ተሰብሮ ከደረሰ ረዳቱ ሳይሄድ አሳዩት። ከዚያ አብሩት።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን እዩ። ማስታወቂያው ላይ «ኮር አይ 7» ብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ትውልዱ ግን አይጻፍም። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚናገረው፦ በ3 የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ በ8 የሚጀምር ስምንተኛ። የስምንተኛ ትውልድ አይ 5 የሦስተኛውን አይ 7 በብዙ ሥራ ይበልጠዋል። ዊንዶውስ 11ን ማይክሮሶፍት በይፋ የሚደግፈው በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስለዚህ ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ በመላ የተጫነ ዊንዶውስ 11 አይታችሁ «አዲስ ነው» ብላችሁ አትደሰቱ።

ባትሪውን ሙሉ ሞልታችሁ ቻርጀሩን ንቀሉና የዘወትር ሥራችሁን ሥሩበት፤ ሰዓት ያዙ። መብራት በሚሄድበት ከተማ ለምንሠራ ሰዎች ባትሪ ትርፍ ነገር አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው ሲመረት ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። እንዴት እንደሚወጣ በአካባቢያችሁ ያለ የኮምፒውተር ባለሙያ በደቂቃ ያሳያችኋል። ያንን ገጽ አስቀምጡት፤ ከሻጩ ጋር የሚኖራችሁን ክርክር ከቃል ወደ ቁጥር ይለውጠዋል።

ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩትና ገና ሲነሣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መሆኑን እዩ። ውጭ አገር ካሉ ድርጅቶች ወጥተው የሚመጡ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ በቀድሞ ባለቤታቸው ቁልፍ ውስጥ ናቸው፤ ኢንተርኔት ሲያገኙ ወይም ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን «ይህ ዕቃ የድርጅት ነው» ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ ከዋይፋይ ጋር ሳታገናኙ ፈተናውን ጨርሻለሁ አትበሉ። ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ንኩ፤ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሽ ሞክሩ፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ የክዳኑን ማጠፊያ እዩ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጥብና ጥላ ፈልጉ። አንድ ሰዓት ያህል ቪዲዮ አጫውቱበት፤ ሲሞቅ የሚጠፋ ላፕቶፕ በአምስት ደቂቃ አይያዝም። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ በማረጋጊያ ሰኩት፤ «መብራት አቃጠለው» የሚል ምክንያት ለሻጩ አትስጡት። ብሎኑን ግን አትፍቱ፤ ሠሪ ቤት ወስዳችሁም አታስፈቱ። አንዴ ከተፈታ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ይባላል።

ጉድለት ካገኛችሁ የመጀመሪያው ሥራ መደወል ሳይሆን መጻፍ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ደውሉ። እንዲህ ይበቃል፦ «በ… ቀን በብር … የገዛሁት መለያ ቁጥሩ … የሆነው ላፕቶፕ በ… ቀን ደርሶኛል። ስፈትሸው … ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ፎቶና ቪዲዮ አያይዣለሁ። ይህ ከነገሩኝ የተለየ ስለሆነ ዕቃውን ተረክበው ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ ወይም እንዲለውጡልኝ እስከ … ቀን እጠይቃለሁ።» ስድብ አይኑርበት። ይህ መልእክት አንድ ቀን ዳኛ ሊያነበው ይችላል። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ አንረሳውም። ዳታ ከሌለ ይህንኑ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩት፤ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አትሞ ሱቁ ድረስ ይውሰድላችሁና አንዱ ቅጂ ላይ ያስፈርም። ኢንተርኔት እስኪመጣ ብላችሁ ቀኑን አታሳልፉት።

ሻጩ «ላክልኝ፤ ሠርቼ እመልስልሃለሁ» ካለ፣ መጠገን እንደምትፈልጉ ወይም እንደማትፈልጉ ቆርጣችሁ መልሱ። አዋጁ የሰጣችሁ ምርጫ መለወጥ ወይም ገንዘብ ነው። በጥገና ከተስማማችሁ የሚያልቅበትን ቀን አጽፉ፤ ጥገናው ካልሆነ ገንዘቡ እንደሚመለስም ይጨመር። ያለ ቀን የተላከ ላፕቶፕ ወር ተቀምጦ ሲመጣ ታውቃላችሁ። ከመላካችሁ በፊት ፋይላችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ ከላፕቶፑ አጥፉ፤ ከኢሜይልና ከቴሌግራም ውጡ። የተማሪ ውጤት ወይም የማኅበር ሒሳብ ከማታውቁት ሰው እጅ እንዳይገባ የመጠበቅ አደራ የእናንተ ነው።

እንቢ ካለስ? ሱቅ ከሆነ አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ አለ። በእኛ በኩል የወረዳው ወይም የከተማው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም እንጅባራ ያለው የዞኑ መምሪያ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ የዚያው ከተማ ንግድ ቢሮ ይመለከተዋል። ደረሰኝ፣ ስክሪንሾትና የባንክ ማረጋገጫ በአንድ ላይ ታትመው፣ በአንድ ገጽ ማመልከቻ በቀን ቅደም ተከተል ተጽፈው ይቅረቡ። ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ ያልላከ፣ ወይም ሆን ብሎ አታልሎ ስልኩን የዘጋ ሰው ጉዳይ ግን የማታለል ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ዘንድ ሂዱ። የባንኩ ሒሳብ ስም የሚጠቅማችሁ ያኔ ነው።

ፍርድ ቤትን በተመለከተ፣ በመልእክቱ ውስጥ «የምረከበው ዳንግላ ላይ ነው» ያስባልኋችሁ ያለ ነገር አይደለም። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውል ክስ ተከሳሹ ከሚኖርበት ሌላ፣ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤትም እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ርክክቡ ዳንግላ እንዲፈጸም ከተስማማችሁ ዳንግላ ለመክሰስ የምትቆሙበት መሬት አላችሁ። ይህ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። መጥሪያው አዲስ አበባ መድረስ አለበት፤ ቢፈረድላችሁም ፍርዱ የሚፈጸመው ሰውየው ባለበት ነው። ለአንድ ላፕቶፕ ይህን ሁሉ መሄድ ያዋጣ እንደሆነ ራሳችሁ መዝኑ። ብዙ ጊዜ በደንብ የተጻፈ ማስጠንቀቂያና ለንግድ ቢሮው የገባ አቤቱታ ቅጂ ሻጩን ወደ ስምምነት ያመጣዋል።

ስለዚህም የራሴን ፍርድ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለው ዋጋ በጥቂት ሺህ ብር ቢረክስ እንኳ፣ ባሕር ዳር በር ከፍቶ፣ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሚሸጥ ሰው መግዛት ይሻላል። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ጠዋት ሄዶ ሁለት ሰዓት ፈትሾ ማታ መመለስ ይቻላል። ጉድለት ከተገኘም ዕቃውን ተሸክሞ በሻጩ ፊት መቆም ይቻላል። አዲስ አበባ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ እዚያ ያለ ወንድም፣ እህት ወይም የአገር ልጅ ሱቁ ድረስ ሄዶ ላፕቶፑን በእጁ ሳይዘው፣ ባትሪውን ሳይፈትን ብር አታስተላልፉ።

ሰሞኑን ላፕቶፕ የተረከባችሁ ካላችሁም ነገ አትበሉ። ዛሬ ማታ ሳትተኙ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪውን ፈትኑት፤ ብር ያስተላለፋችሁበትን ቀን ከስልካችሁ ፈልጋችሁ ስንት ቀን እንደቀራችሁ ቁጠሩ።